ለጅቡቲ መስመር ሹፌር ምን ዓይነት ስክሪን ይሠራ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ሥራ ሰጥቶታል። «ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለሚመላለሱ ተሳቢዎች ጋቢና ውስጥ የሚገጠም ስክሪን እየሠራሁ ነው። ባለቤቱ 14 ነገር እንዲታይ ይፈልጋል፦ ፍጥነት፣ ናፍታ፣ የሞተር ሙቀት፣ የፍሬን ንፋስ ግፊት፣ ካርታ፣ ከቢሮ የሚላክ መልእክት፣ የአነዳድ ነጥብ፣ ሌላም ሌላም። ለሹፌሩ ቀላል እንዲሆን እንዴት ላድርገው? በአማርኛ ይሁን? ባለ 10 ኢንች ታብሌት ይሻላል ወይስ ባለ 7?»

ወንድሜ፣ ከ14ቱ 10ሩን ሰርዝና እንጀምር።

የምቀልድ እንዳይመስልህ። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በጋራዥ በኩል ነው። ስክሪን መንደፍ ከመጀመሬ በፊት የከባድ መኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። የድሮዎቹ መካኒኮች ክሩስኮቶ የሚሉትን ዳሽቦርድ ስፈታና ስገጥም ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። የማስጠንቀቂያ ድምፅ የምታሰማው ትንሽ ዕቃ ሽቦዋ ተቆርጦ ይገኛል። መብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ሹፌሩን «ማነው የቆረጠው?» ስትለው ይስቃል። «ስትጮህ ውላ ስትጮህ ታድራለች፣ ምን ላድርጋት?» ይልሃል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ዕቃዋ ለሚረባውም ለማይረባውም እኩል ስለምትጮህ ነው። ከዚያ አንድ ቀን የእውነት ንፋስ ሲወርድ የሚጮህ ነገር የለም።

በኋላ ደግሞ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ውድ ስክሪን አስገጠመ። ከወር በኋላ መኪኖቹን ለማየት ሄድኩ። ግማሾቹ ላይ ኮፍያ ተሰቅሎባቸዋል። አንዱ ላይ ፎጣ። ሹፌሮቹ ነገሩን የሚጠሩት «የቢሮው ዓይን» እያሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ስክሪኑ ላይ ከነበሩት ነገሮች አብዛኞቹ የተጻፉት ለባለቤቱ ነው፤ ሹፌሩ ፊት ለፊት የተሰቀሉት ለምን እንደሆነ ማንም አላሰበም።

ስለዚህ ከ14ቱ እያንዳንዱን አንሳና አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ሹፌሩ ይህን አይቶ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እጁ ወይም እግሩ ምን ያደርጋል? መልስ ካለው ይቆይ። «ወሩ መጨረሻ ላይ ይገመገማል» ከሆነ መልሱ፣ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይሂድ። የአነዳድ ነጥብ፣ ኮከብ፣ የናፍታ ቅነሳ ደረጃ፣ ሌሎች ሹፌሮች ምን እንዳስመዘገቡ፣ ይህ ሁሉ ለቢሮ ነው። ሹፌሩ ማየት ከፈለገ (ቦነስ ካለበት ይፈልጋል) መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ይየው።

ፍጥነት፣ የሞተር ሙቀት፣ ንፋስና ዘይት ደግሞ መኪናው ራሱ ያሳያል። ሲኖትራኩም ቮልቮውም የራሱ ጌጅ አለው። አንተ ድጋሚ ስታሳየው ሁለት ሰዓት ያሰረ ሰው ታደርገዋለህ። ሁለቱ ጌጆች ትንሽ ሲለያዩ ሹፌሩ የትኛውን ይመን? የፈጣሪን ያህል የሚያምነው የመኪናውን መርፌ ነው። ያንተ ስክሪን በ2 ኪሎ ሜትር ከተለየ «ይሄ ዕቃ ይዋሻል» ይልና ሌላውንም አያምንህም።

አሁን ስለ ዓይን ላውራ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። 2 ሰከንድ ስክሪን ያየ ሹፌር 44 ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ አንድ ቅኝት ከ2 ሰከንድ፣ ሥራው በጠቅላላ ደግሞ ከ12 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። ያ የተጻፈው ለቤት መኪና ነው። 400 ኩንታል ለጫነ ተሳቢ፣ መተሐራ ላይ ግመል ድንገት ለሚያቋርጥበት ሰው፣ እኔ ከ1 ሰከንድ በላይ አልፈቅድም። የቨርጂኒያ ቴክ የትራንስፖርት ተቋም የጭነት መኪና ሹፌሮችን በካሜራ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ውጤት አለ። ስልክ ላይ ጽሑፍ የሚጽፍ ሹፌር ለአደጋ ወይም ለጥቂት ለሚታለፍ አደጋ የመጋለጥ ዕድሉ ከ23 እጥፍ በላይ ነበር። በ6 ሰከንድ ውስጥ 4.6ቱን ዓይኑ ከመንገዱ ላይ የለም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ከ100 ሜትር ይበልጣል። እና ባለቤቱ የጠየቀህ «ከቢሮ የሚላክ መልእክት» ማለት በሌላ አነጋገር ይሄው ነው። መኪናው እየሄደ መልእክት አይታይ። ይቀመጥና ሲቆም ይውጣ። በጣም አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ ድምፅ ያንብበው፣ ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር። አሜሪካ ውስጥ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። እዚያ የመንዳት ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ መኪናው እየሄደ ሹፌሩ እንዳይነካካው ተደርጎ ነው የሚሠራው።

ታዲያ ስክሪኑ ላይ ምን ይቆይ? እኔ ብሆን አራት ነገር ብቻ አቆይ ነበር።

የመጀመሪያው ናፍታው የት እንደሚያደርስ ነው። በመቶኛ አይደለም። «38 በመቶ» ለሹፌር ምንም አይነግረውም። «ሎጊያን ያልፋል» ወይም «ገዋኔ ላይ መቅዳት» ይነግረዋል። ግን እዚህ ላይ ፕሮግራም አድራጊ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚቀረውን ርቀት የሚያሰላው መኪናው ባለፉት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በበላው ናፍታ ነው። የእኛ መስመር ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ ባሕር ጠረፍ ላይ ያልቃል። አገሪቱ ደግሞ ከምትልከው የምታስገባው ይበልጣል። ስለዚህ መኪናው ብዙ ጊዜ ቀሎት ይወርዳል፣ ከብዶት ይወጣል። ባዶውን ቁልቁለት የበላውን ናፍታ ይዘህ ለጫነው ዳገት ካሰላህለት ሹፌሩን በረሃ ላይ ታቆመዋለህ። ሂሳቡን በአቅጣጫና በጭነት ለይ። ለመውጫ ሌላ፣ ለመውረጃ ሌላ። ይህን ብቻ በትክክል ብትሠራ ሹፌሮቹ ስክሪንህን ይወዱታል።

ሁለተኛው ሳይቆም የነዳበት ሰዓት ነው። አውሮፓ ውስጥ ሕጉ 4 ሰዓት ተኩል የነዳ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። የኛን ድርጅት ደንብ ባለቤቱ ይንገርህ፤ ግን አንዲት ቀስ እያለች የምትሞላ መስመር ትበቃለች። ቁጥር አያስፈልጋትም።

ሦስተኛው ከፊት ያለው ቁልቁለት ነው። ጣርማ በርን ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ አስብ። ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ወደ ድልድዩ የምትወርደው። ነባር ሹፌር መቼ ማርሽ እንደሚቀንስ ያውቃል። አዲሱ ግን ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ነው የሚነቃው። ያኔ ፍሬን ደጋግሞ ይረግጣል፤ ንፋሱ ይወርዳል፣ የፍሬኑ ከበሮም ይግላል። ልብ በል፣ የንፋስ ጌጁ የከበሮውን ሙቀት አያሳይም። መርፌው 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ በኩራት ቆሞ ፍሬኑ ግን አልይዝ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ 2 ኪሎ ሜትር በፊት አንዲት የቁልቁለት ምልክት ትውጣና ትጥፋ። በቃ። ጅቡቲ መስመር ላይ ብቻ ከሆነ የምትሠራው እንኳ ይህን አትተው፤ መኪና መስመር ይቀይራል።

አራተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱም ችግር ሲኖር ብቻ። አውሮፕላን ሠሪው ኤርባስ ከአብራሪዎቹ ራስ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ የሚከተለው መርህ አለ፦ ሁሉ ደህና ከሆነ መብራት አይበራም። ጨለማ ማለት ሰላም ማለት ነው። ያንተም ስክሪን እንዲህ ይሁን። ቀይ ማለት ቁም። ብርቱካናማ ማለት በሚቀጥለው ማረፊያ እየው። ከእነዚህ ውጪ ቀለም አትጨምር፤ አረንጓዴ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል መብራትም አያስፈልግም። ድምፅ ለቀይ ብቻ። ብዙ መኪና ላይ ንፋስ 5 ባር አካባቢ ሲወርድ የራሱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ያንተ ከሱ ቀድሞ፣ መውረድ ሲጀምር፣ ያለ ጩኸት በብርቱካናማ ቢያሳይ ትርፍ ነው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች ስላሉ ደግሞ በቀለም ብቻ አትተማመን። ቅርጹም ይለይ፣ ቦታውም ይለይ።

ስለ ሰዓት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኢትዮጵያና ጅቡቲ የሰዓት ክልላቸው አንድ ነው። አቆጣጠሩ ግን አንድ አይደለም። ወደቡ «8:00» ብሎ ቀጠሮ ሲሰጥ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። የኛ ሹፌር ስክሪኑ ላይ «8:00» ሲያይ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው የሚመጣለት። 6 ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከዚያ ስልክ ላይ ጭቅጭቅ ነው። ፕሮግራም አድራጊዎች ይህን ሲሰሙ ከ24ቱ ሰዓት ላይ 6 ይቀንሳሉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የነበረው «20:00» ሆኖ ይወጣል። እንዲህ የሚል ሹፌር አይቼ አላውቅም። በ12 ሰዓት ቁጠር፣ ከፊቱም «ጠዋት»፣ «ከቀኑ»፣ «ማታ»፣ «ከሌሊቱ» የሚል ቃል አድርግ። የወደብ ቀጠሮ ከሆነ ሁለቱንም አሳይ፦ «ጠዋት 2:00፣ በወደቡ 8:00»። ሌሊት ሲሆን ቀኑም ያምታታል። ማክሰኞ ማታ የተነሳ ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን «ለረቡዕ አጥቢያ» ይለዋል እንጂ «ረቡዕ 8 ሰዓት» ብትለው ከቀኑ ነው የሚመስለው። የሚሻለው ግን ሰዓቱን ጨርሶ መተው ነው። «ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሚሌ» በል። ይህ በየትኛውም አቆጣጠር አንድ ነው።

«በአማርኛ ይሁን?» ላልከው፦ ይሁን፣ ግን በሹፌር አማርኛ። አንድ የተተረጎመ ዝርዝር አይቼ ነበር። «የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሙቀት መጠን ከተፈቀደው ወሰን በላይ ሆኗል» ይላል። ይህ እስኪነበብ ሞተሩ ይጋገራል። «ሞተር ሞቋል» በቂ ነው። «ንፋስ ወርዷል»፣ «ዘይት ዝቅ ብሏል»፣ «ናፍታ እያለቀ ነው»። ሁለት ወይም ሦስት ቃል። ሹፌሩ ናፍታ ካለው አንተ «ዲዝል ነዳጅ» አትበለው። ፍሬቻ ካለው «የአቅጣጫ ጠቋሚ መብራት» አትበለው።

ሌላ እንግሊዝኛው የማይነግርህ ጉዳይ አለ። በአማርኛ ማዘዝ ከባድ ነው። «ፍጥነት ቀንስ» ስትል 30 ዓመት የነዳውን የ55 ዓመት ሰው አንድ ሳጥን «አንተ» እያለው ነው። ሹፌሯ ሴት ከሆነች ደግሞ «ቀንስ» ስህተት ነው፣ «ቀንሺ» መሆን አለበት። «ይቀንሱ» ጨዋ ነው፤ ግን ሰውየው ሲያነበው የባንክ ደብዳቤ ይመስለዋል። መፍትሔው አለማዘዝ ነው። የሆነውን ብቻ ተናገር። «ንፋስ ወርዷል» ካልከው ምን እንደሚያደርግ ካንተ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ሹፌሩ ሁሉ አማርኛ አንባቢ ነው ብለህም አትነሳ። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ የሚቀናው አለ። ስለዚህ ምልክቱ ይቅደም፣ ጽሑፉ ይከተል፣ ቋንቋውን ሹፌሩ ራሱ ይምረጥ። ምልክት ግን ራስህ አትሳል። የዘይት ጣሳው፣ ውሃ ውስጥ የቆመው ቴርሞሜትር፣ ባትሪው፣ እነዚህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተደነገጉ ናቸው፤ መኪናው ላይም ያሉት እነሱው ናቸው። ዲዛይነሮች «ዘመናዊ» እናድርጋቸው ብለው ሲያሳምሯቸው ሹፌሩ አዲስ ፊደል እንዲማር ያስገድዱታል።

ስለ ፊደል ካነሳን፣ የኛ ፊደል እንደ ላቲኑ በትንሽ መጠን አይነበብም። ቡና ቢን የሚለያያቸው አንድ ጭረት ናት፣ መሐል ወይስ ታች የሚለው። ቢና ቤ ደግሞ ጭረቷ ቀጥ ማለቷና መጠቅለሏ ብቻ። መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ይህ ሁሉ አንድ ይሆናል። ዓይን ከስክሪኑ 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ ለላቲን ፊደል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ጥሩ የሚባል ነው። ለኛ ፊደል እኔ ከ7 አልወርድም። ቀጭንና ወፍራም ጭረት የሚቀላቅለውን ባህላዊ የፊደል ቅርጽ ተው፣ ቀጭኑ ፀሐይ ላይ ይጠፋል። ጭረቱ እኩል የሆነውን ምረጥ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ። በጣም አታወፍረው፣ ጨ እና ጩ ይደፈናሉ። ፊደሉን ከሶፍትዌርህ ጋር አብረህ ጫን፤ አለዚያ ርካሽ ዕቃ ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ታያለህ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሹፌር ደግሞ ቅርብ ማየት ይከብደዋል። የንባብ መነጽር አድርጎ አይነዳም። ስትሞክር ከእነሱ አንዱን ያዝ እንጂ ቢሮህ ውስጥ ያለውን የ24 ዓመት ልጅ አትጠይቅ።

መንካትን በተመለከተ ባጭሩ፦ እየሄደ ስክሪኑ ላይ የሚነካ ነገር አይኑር። አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 አሥራ ሁለት መኪኖችን በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፈትኖ ነበር። ሬዲዮ መክፈትን፣ ሙቀት ማስተካከልን የመሰሉ አራት ሥራዎች በ2005 የተሠራች ባለ ቁልፍ ቮልቮ ላይ 10 ሰከንድ ፈጁ። አንዲት ባለ ንክኪ ስክሪን አዲስ መኪና ላይ 44.6 ሰከንድ። አንድ ትልቅ የእውነት ቁልፍ ካንተ ዕቃ አጠገብ ግጠም፣ ማስጠንቀቂያውን «ሰምቻለሁ» ለማለት። እጅ ሳይታይ የሚያገኘው ይሁን።

አሁን ወደ ታብሌቱ። እዚህ ላይ ባለቤቱ ይከፋው ይሆናል። ታብሌት ለአፋር አልተሠራም። አፕል ለአይፓድ የሚሰጠው የሥራ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ሚሌና ሰመራ አካባቢ የውጭው አየር ብቻ ከ40 ይዘላል። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ጋቢና ከ60 ሊያልፍ ይችላል። መስታወት ላይ የተለጠፈ ታብሌት መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ባትሪው ያብጣል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ፣ ባትሪ የሌለው፣ እስከ 70 ወይም 85 ዲግሪ የሚችል ስክሪን ፈልግ። ብርሃኑ ወደ 1,000 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ይጠጋ፤ የተራ ታብሌት ግማሹን ቢሰጥ ነው። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት መሆኑንም አትርሳ። ለ12 ቮልት የተሠራ ቻርጀር ሰክተው ያቃጠሉ ስንቱን አይቻለሁ። ናፍታውንና ሙቀቱን የምታነበው ደግሞ ጄ1939 በሚባለው የመኪናው የውስጥ መስመር ነው። አንብብ ብቻ፣ ምንም አትላክበት።

ሌሊት ሌላ ዓለም ነው። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ አንድ ነጭ ስክሪን በአንዴ ያጠፋዋል። ጥቁር መደብ፣ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ፣ ብርሃኑም በራሱ ይቀንስ። ስክሪኑ የፊት መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ ማታ ጋቢና ውስጥ ገብተህ እየው። ቀን ደግሞ ሹፌሩን የፀሐይ መነጽር አስደርገህ እየው። አንዳንዱ መነጽር ስክሪኑን ድርግም ያደርገዋል፤ ሹፌሩ ተበላሸ ብሎ ይመልስልሃል።

ለመሞከር ገንዘብ አያስፈልግህም። ስክሪኑን በወረቀት አትም፣ በካርቶን ሸፍን። አዋሽ ላይ ሹፌሮች ምሳ ከሚበሉበት ቤት ሄደህ ቡና ጋብዝ። ካርቶኑን ለአንድ ሰከንድ ብቻ አንሳና መልስ። «ምን አየህ?» ሳይሆን «ምን ታደርጋለህ?» ብለህ ጠይቅ። አሥር ሹፌር ጠይቀህ ሦስቱ «እስቲ ድገምልኝ» ካሉህ ያ ገጽ ይጣል። ረዳቶቹንም ጠይቅ፣ ስክሪኑን ከሹፌሩ በላይ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

መጠኑ 7 ኢንች ይበቃል። አራት ነገር ለማሳየት 10 ምን ያደርጋል? ትልቁ ስክሪን ባዶ ቦታ ስላለው ብቻ ባለቤቱ 15ኛውን ነገር ይዞ ይመጣል። ከመሪው በስተቀኝ፣ ከዓይን ዝቅ አድርገህ፣ መስታወቱን ሳይነካ ግጠመው። ገመዱን ማርሽ የሚቀየርበት በኩል አታሳልፍ። ባለቤቱ «14ቱስ?» ካለህ ለእሱ ለብቻው ቢሮው ውስጥ ባለ 32 ኢንች ስቀልለት።